በሆይት ማጠንጠኛ ላይ የነበረው ክር

ስኮትስቦሮ፣ አላባማ
ኤፕሪል 4፣ 2009

ወንድሜ አርሊስ፤

እንደምን ከርመሃል? ስለ ክር ለጻፍኩልህ የመለስክልኝ ካርድ ትናንት ደረሰኝ። አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍክበት፦ «ኢሞጅን፣ አንቺን ስለ ማጥመጃ ክር ምን አገባሽ? ሆይት የት ሄዶ ነው?» ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እውነትህን ነው፤ ከአስራ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ ሰው ስለ ጤና ይጠይቃል እንጂ ስለ ክር አይጠይቅም። ደውዬ እንዳላስረዳህ የጀልባ ሞተር ጆሮህን ከወሰደው ቆይቷል። ስለዚህ መነጽርህን አድርግና አንብብልኝ።

ባለቤቴ የትም አልሄደም። ሳሎን ወንበሩ ላይ ነው። ጣጣውም እሱ ነው።

ስኳሩ ኩላሊቶቹን ጨረሳቸው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለእጥበት እወስደው ነበር። አራት አራት ሰዓት ማሽኑ ላይ ተኝቶ ሲመለስ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ነው። ከገና ወዲህ ቅዳሜን ተወው። አሁን ደግሞ ጨርሶ ላቆም ነው ይላል። ሐኪሙ «ካቆምክ ሁለት ሳምንት ብትቆይ ነው» ብሎ ፊት ለፊት ነገረው። «ይበቃኛል፤ ምን የምሠራበት አለኝ?» አለው። አርሊስ፣ አርባ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ያለ ድምፅ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ልጃችን ለእናቶች ቀን ስለምትመጣ እስከዚያ ድረስ ማክሰኞና ሐሙስ ሊሄድልኝ ቃል ገብቷል። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አልሄድም ብሏል። የእናቶች ቀን ሜይ አስር ነው።

እጥበቱ ማዕከል ውስጥ ኦዴሳ የምትባል ነርስ አለች። «ይሄ ሰውዬ የሚወደው ነገር የለም እንዴ?» አለችኝ። ነበረ አልኳት። ከአንተ ከልብ ጓደኛው ጋር በአንድ ጀልባ ያን የአሳ ማጥመድ ውድድር የተሸነፋችሁ ዕለት፣ አሳው ሁሉ ስላመለጠው «እጄ ሞቷል» ብሎ ዘንጉን ጋራዥ ውስጥ ሰቀለ፤ ጀልባውን ሸጠ፤ አንተም ወደ ቴክሳስ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁን በመስኮት እንኳ አያየውም። ቁጭ አለ፣ ወፈረ፣ ስኳሩ መጣ። እንግዲህ ዘንጉን አውርጄ አንድ ጊዜ ብቻ ከውሃው ዳር ላደርሰው ፈልጌያለሁ። ሌላ የማውቀው ዘዴ የለኝም።

የዘንጉ ማጠንጠኛ ላይ የተጠቀለለው አሮጌ ክር ስነካው እንደ ደረቀ ሣር ተሰበረ። ሱቅ ብሄድ ግድግዳው ሙሉ ክር ነው። «ባስ ለሚሉት አሳ ነው፤ ከውሃው ፊት ላይ በሚንሳፈፈው መንጠቆ ባለው የእንጨት አሳ ነው የሚያጠምደው» ብዬ ብነግረው ሻጩ ሦስት ዓይነት አውጥቶ ከራሱ ጋር መከራከር ጀመረ። ግራ ገብቶኝ ባዶ እጄን ወጣሁ። የግራ ክንዱ መርፌ የሚገባበት ስለሆነ ክብደት አይችልም፤ ቀኙም ደክሟል። የትኛውን ልግዛ? በዚህ አገር ያለ ሰው ሁሉ ማጠንጠኛውን ይዞ ክር ለማስጠቅለል አንተ ሱቅ ይመጣ ነበር፤ ከአንተ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

አንድ ጊዜ ብቅ ብለህ ብታየውስ? መጻፌን ሆይት አያውቅም።

ኢሞጅን ሌድቤተር


ሳም ሬይበርን ሐይቅ፣ ቴክሳስ
ኤፕሪል 10፣ 2009

እህቴ ኢሞጅን፤

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የማውቀውን ልንገርሽ።

ሻጩ ያወጣልሽ ሦስቱ እነዚህ መሆን አለባቸው። አንደኛው ሽሩባ ክር ነው፤ እንደ ልጃገረድ ፀጉር የተገመደ። ቀጭን ነው፣ በሬ ይጎትታል፣ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል። ግን ፈጽሞ አይለጠጥም። ለሆይት አይሆንም። አሳው ውሃውን ሲያፈነዳው ደንግጦ የጎተተ እንደሆነ መንጠቆውን ከአፉ ነጥቆ ያወጣዋል። ደግሞም ሲላላ ከእንጨት አሳው የፊት መንጠቆ ላይ ይጠመጠማል። ሽሩባውን ሣር ውስጥ በላስቲክ እንቁራሪት ለሚያጠምዱ ተዪላቸው።

ሁለተኛው ፍሎሮካርቦን የሚሉት ነው። እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ አሳውም አያየውም። ለጥልቅ ውሃ የሚያህለው የለም። ነገር ግን ይሰምጣል። ሲሰምጥ የእንጨት አሳውን አፍንጫ ይዞት ይወርዳል። ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ መሄድ የሚገባው ነገር እንደ ሰከረ ሰው በአፍንጫው ይደፋል። ባሱ ይነሳል፣ ይስታል፣ ይመለሳል። ይህን ክር እንዳትገዢ። በነጻ ቢሰጡሽም እንዳትቀበዪ።

ሦስተኛው ተራ ናይለን ነው። የእኛ ዘመን ክር። ይንሳፈፋል፣ ትንሽ ይለጠጣል፣ ለደከመ እጅ ይራራል። አስራ ሰባት ፓውንድ ይሸከማል የሚለውን ግዢ። ጠቅልለሽ ስትጨርሺ ማጠንጠኛውን ለብ ባለ ውሃ ንከሪው፤ ይለሰልሳል። ጫፉ ላይ ስትቋጥሪ አንቀሽ አትሰሪው፤ የእንጨት አሳው እንዲወዛወዝ ትንሽ ቀለበት ተዪለት።

ሳትጠቀልዪው በፊት ግን ስንዝር ያህል ቆርጠሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣዪው። ከተንሳፈፈ ጠቅልዪ። ከሰመጠ የጥቅሉን ጽሑፍ አትመኚ፤ መልሺላቸው። እኔ ዛሬም ሳልፈትን አልጠቀልልም።

ውሃው ሲፈነዳም አትጎትት በዪው። የአሳው ክብደት እጁ ላይ እስኪሰማው ይጠብቅ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ብቅ ብለህ ብታየውስ ላልሽኝ፣ ፒካፔ ረጅም መንገድ አይችልም።

አርሊስ ቲድዌል


ስኮትስቦሮ
ኤፕሪል 24፣ 2009

ወንድሜ አርሊስ፤

በካርድህ «ተሳካልሽ ወይ?» ብለሃል። ተሳክቶልኝ ነው የጠፋሁት።

እንዳልከኝ ናይለኑን ገዛሁ፤ ብርጭቆ ውስጥ ፈተንኩ፤ ጠቀለልኩ። ሆይትን ለሐኪም ነው ብዬ ፒካፑ ላይ ጭኜ ከሐይቁ መናፈሻ ወደ ውሃው በሚዘልቀው የእንጨት ድልድይ ላይ አወረድኩት። ሰደበኝ። ያልሰደበኝ ስድብ የለም። ዘንጉን እጁ ላይ ሳደርገው ግን አውራ ጣቱን ማጠንጠኛው ላይ አሳረፈ። ፀሐይ ገና እየወጣች ነበር። አንድ ጊዜ ወረወረ፤ ቅርብ ላይ ወደቀ። ሁለተኛ ወረወረ። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ እንደ ድሮው ወደ ታች ነካ ነካ ያደርገው ጀመር፤ ያቺ እንጨትም ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ውሃውን እየረገጠች መጣች። አፌን ይዤ አለቀስኩ።

አሳ አልያዘም። አንዱ ከኋላዋ ተነስቶ ነበር፤ ተመለሰ። እኔ ግን ይሄው ዳነልኝ ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኢሞጅን፣ ይህቺ እንጨት በዚህ በሞተ እጄ ትሄዳለች?»

«ይሄው ሄደች አይደል?»

«እንግዲያው ያን ቀን፣ ውድድሩ ላይ፣ ምን ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል የለውም። ያን ቀን ምን ነበር፣ ያን ቀን ምን ነበር። የባሚያ ሾርባ አቀርብለታለሁ፣ ማንኪያውን ይዞ ያን ቀን ምን ነበር። እጁ ሞቶ እንዳልነበር አሁን ገብቶታል፤ እሱ ግን በዚህ ፈንታ ሌላ ነገር ይዟል። «እጄ ጤነኛ ከነበረ ልቤ ነው የከዳኝ። ሰው ፊት ሲሆን ፈርቼ ነው። ፈሪ ነኝ ማለት ነው» ይላል። በእጁ ማዘኑ ይሻል ነበር። እሳት ላጠፋ ብዬ ቤንዚን ነው የደፋሁበት።

የዚያን ቀን ማጠንጠኛውን የጠቀለልክለት አንተ ነህ። ምን ክር ነበር? ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ምናልባት ክሩ አርጅቶ ነበር፣ ምናልባት ቋጠሮው ነው፤ የሆነች ነገር ስጠኝ፣ ወስጄ የምነግረው። ሐኪሙ እግሩ ማበጥ ጀምሯል ብሏል።

ኢሞጅን


ሳም ሬይበርን
ኤፕሪል 29፣ 2009

እህቴ ኢሞጅን፤

በዚህ ሳምንት ዝናቡ አላቆመም። የሐይቁ ውሃ እስከ ጥዶቹ ድረስ ወጥቷል። ጎረቤቴ አንድ ጆንያ የወንዝ ሸርጣን ሰጥቶኝ ብቻዬን መጨረስ አቅቶኝ ለድመት ሰጠሁ። ሌላ ሁለት ጥቅል ናይለን በፖስታ ልኬልሻለሁ፤ የእኔ ነው፣ የተፈተነ።

እግሩ ማበጡ አሳስቦኛል። ጨው አታብዢበት።

ስለዚያ ቀን ለጠየቅሽኝ፣ ጊዜው ርቋል። በውድድር ዋዜማ ሰው ሁሉ ማጠንጠኛውን ይዞ ሱቄ በር ላይ ይሰለፍ ነበር፤ የትኛውን አስታውሳለሁ? ናይለን ነበር መሰለኝ። አንዳንድ ቀን ሐይቁ አይሰጥም፣ ያ ነው። ፈሪ አይደለህም ብሏል በዪው።

አርሊስ


ስኮትስቦሮ
ሜይ 4፣ 2009

አርሊስ፤

«መሰለኝ» ነው ያልከኝ? አንተ? የሰው ሁሉ ማጠንጠኛ ላይ ስንት ያርድ እንዳለ ከሃያ ዓመት በኋላ በቃልህ የምትናገር ሰውዬ? ሃያ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ማዕዴ ላይ ተቀምጠህ በልተሃል። ስትዋሽ አውቅሃለሁ። ስትዋሽ ስለ ዝናብ ነው የምታወራው።

ደብዳቤህን አላነበብኩለትም። ምኑን አነብለታለሁ? ለሸርጣንህ ይዘንልህ?

ባለፈው ሐሙስ አልሄደም። የመኪናውን ቁልፍ ይዤ ከወንበሩ አጠገብ ቆሜ ለመንኩት፤ ተንበርክኬ ለመንኩት። «ተነሺ፣ ጉልበትሽን ያምሻል» አለኝ። ቁጣ እንኳ የለውም። ቢቆጣ ምን ነበር! ቢመታኝ ምን ነበር! የሚናገረው ስለ መቃብሩ ነው። ከእናቱ ጎን ይሁን፣ ሰው አታብዢ፣ ስለ ማጥመድ ማንም እንዳያወራ። ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ዝርዝሩ ላይ ስሙ አለ፤ ሴቶቹ በየቀኑ ካሰሮል የሚሉትን በትሪ የተጋገረ የዶሮ ምግብ ያመጣሉ፤ ማቀዝቀዣው ሞልቷል፤ እሱ ግን ሦስት ኪሎ ቀንሷል። እግሩ ግን እያበጠ ነው።

ስድስት ቀን ቀርቶኛል። ስድስት። አንድ ነገር ታውቃለህ፤ ከእኔ የደበቅከው ነገር አለ። ምንም ይሁን፣ ምንም ያህል ያሳፍርህ፣ ጻፈው። ያንተ ኀፍረት የባሌን ሕይወት ያህላል? ብትዋሽም ለእሱ የሚበጅ ውሸት ዋሽ፤ ለራስህ የሚበጅህን አይደለም።

መጥፎ ቃል ከጻፍኩ ይቅር በለኝ። አንጀቴ አርሮ ነው።

ኢሞጅን


ሳም ሬይበርን
ሜይ 7፣ 2009
በፈጣን ፖስታ

ኢሞጅን፤

ይህን ለሆይት አንብቢለት። አንድም ቃል አትዝለዪ።

ሆይት፣ ክሩ ነው።

በዚያ ጸደይ ከጃፓን የመጣውን አዲስ ክር፣ ፍሎሮካርቦኑን፣ አንድ ሻጭ ለሙከራ ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። እንደ ናይለኑ የጠራ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታያቸው አትለያቸውም። እኔ ደግሞ ጠባዬን ታውቀዋለህ፤ ምን እንደጠቀለልኩ ሰው እንዲያውቅ የጥቅሉን ወረቀት ልጬ የደንበኛው ማጠንጠኛ ላይ እለጥፋለሁ። በውድድሩ ዋዜማ ከሰላሳ በላይ ሰው ተሰልፎ ነበር። የሁለቱንም ጥቅል ወረቀት ልጫለሁ። ወረቀቱ ከተላጠው አንዱን ጥቅል አንስቼ በእጄ ዳሰስኩት፣ ናይለን ነው አልኩ። የእኔ እጅ አይሳሳትማ! የሌላ ሰው ቢሆን ብርጭቆ ውስጥ እፈትነው ነበር። ያንተን ከማንም አስቀድሜ፣ በኩራት፣ ሳልፈትን ጠቀለልኩት። የሚሰምጠው ነበር።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ እነግርህ ነበር።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የእንጨት አሳህ ከሞተሩ ጋር ተያያዘ፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ፈታሁት። ትዝ ይልሃል? እስከዚያ ሦስት አሳ ስተህ ነበር። ስፈታው ትንሽ ክር ቆረጥኩና እጄ ላይ ስለከበደኝ የተያዘ አሳ በምናቆይበት የውሃ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። ቀጥ ብሎ ወረደ። ልነግርህ አፌን ከፈትኩ። በዚያችው ቅጽበት አንተ ተቀምጠህ፣ እጅህን ገልብጠህ እያየህ፣ «አርሊስ፣ እጄ ነው። እጄ ሞቷል» አልክ።

አፌን ዘጋሁት።

ትርፍ ማጠንጠኛ ጀልባው ውስጥ ነበረን። አሳው እስከሚመዘን ድረስ አምስት ሰዓት ቀርቶን ነበር። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ይስተካከል ነበር። ግን ሚዛኑ ላይ ሕዝብ ሁሉ «አርሊስ ቲድዌል ክር ተሳሳተ» እንዲል አልፈለግኩም። አንተ ጥፋቱን ራስህ ወስደኸው ነበር፤ እንደወሰድከው ተውኩህ። አራተኛውንም ስትስት አይቼህ ዝም አልኩ። ማታውን «ላጽዳልህ» ብዬ ማጠንጠኛውን ወስጄ ያንን ክር አውጥቼ አቃጠልኩትና ናይለን ጠቀለልኩበት። ኢሞጅን ጋራዥ ውስጥ ያገኘችው እሱን ነው።

ጀልባህን ስትሸጥ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ገዢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

እጅህ ምንም አልሆነም ነበር። ልብህም አልከዳህም። የከዳህ እኔ ነኝ። ወደ ቴክሳስ የመጣሁት ለሐይቁ ብዬ አይደለም፤ ፊትህን ማየት ስላቃተኝ ነው። ፈቅደህ ከጠራኸኝ በአውቶቡስ መጥቼ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታህን እለምናለሁ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የምለማመደው ይህንኑ ነው።

አርሊስ


ስኮትስቦሮ
ሜይ 18፣ 2009

አርሊስ፤

ደብዳቤህ ቅዳሜ ደረሰኝ። መጀመሪያ ለብቻዬ አነበብኩት። አልዋሽህም፣ ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ነበር። ደግሞ ሌላ ምንም የያዝኩት ነገር አልነበረኝም። እሑድ፣ የእናቶች ቀን፣ ልጃችን ወደ ማረፊያዋ ስትሄድ አጠገቡ ተቀምጬ አነበብኩለት።

«አፌን ዘጋሁት» ያልከው ጋ ስደርስ፣ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። «እንደገና።» ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ከዚያ ፒካን ፓይ የሚሉትን የለውዝ ኬክ ከነሳህኑ ግድግዳ ላይ ወረወረው። በቀኝ እጁ ነው፤ ያ ሞቷል ያለው።

«አምስት ሰዓት ቀርቶን ነበር! ይሄ ውሻ! ጀልባዬን ያስሸጠኝ እሱ! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ለእጄ ሳለቅስ!»

ጎረቤት ሮጦ መጣ። እኔ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ደረቱን ይዣለሁ፤ እሱ እጄን ገፍቶ ቆመ። ራሱ ቆመ፣ አርሊስ። ወደ ወጥ ቤት ሄዶ፣ «እዚህ ቤት የሚበላ ነገር የለም?» አለ። ሴቶቹ ያመጡትን ካሰሮል ቆሞ ከትሪው ላይ በላ፤ እየበላ ይሰድብሃል።

ማክሰኞ ጠዋት አልጋው ላይ አጣሁት። ጫማውን አድርጎ ፒካፑ ውስጥ ተቀምጧል።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ? ንጂ።»

«ወዴት?»

«እጥበት ነዋ! ምን፣ ሞቼ ላሳርፈው ነው?»

ማክሰኞ ሄደ። ሐሙስ ሄደ። ቅዳሜ፣ ያ ከገና ጀምሮ የተወው ቅዳሜ፣ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። የእግሩ እብጠት እየጎደለ ነው። ኦዴሳ ደም ግፊቱን ለክታ «ምን ነክቶት ነው?» አለችኝ። ተናዶ ነው አልኳት። ማሽኑ ላይ ተኝቶ አራት ሰዓት ሙሉ ላንተ የሚለውን ሲያዘጋጅ ይውላል። አንዱን ሲጨርስ ሌላ ያስታውሳል።

ጻፊለት ያለኝ ይህን ነው፦ «በዚህ ቤት ስምህ አይነሳም። እንዳትመጣ። ስበረታ እኔ እመጣለሁ።» ዓይኑ ደክሟልና ከዚህ በታች የምጽፈውን አያየውም።

እኔም አልማርኩህም፤ በእግዚአብሔር ፊት እውነቱን ልናገር። አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ብዬ ቀኑን ሙሉ አስባለሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ልለምንህ ነው፤ የመጨረሻ ልመናዬ ነው። አስራ አንድ ዓመት የተለማመድከውን ይቅርታ አትላክለት። እግሩ ላይም አትውደቅ። አውቀዋለሁ፣ ሆደ ባሻ ነው፤ አንድ ለስላሳ ቃል ካንተ ቢሰማ አልቅሶ ይምርሃል፤ ከማረህ ደግሞ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እስከተቆጣ ድረስ ፒካፑ ውስጥ ይገባል። የምለምንህ ምን እንደሚያስከፍልህ አውቃለሁ። እባክህ፣ አርሊስ።

ኢሞጅን


ሳም ሬይበርን
ሜይ 23፣ 2009

ለሆይት ሌድቤተር፤

መልእክትህ ደረሰኝ። እመጣለሁ ብለሃል አሉ። በምን እግርህ? አንድ ሳህን ሰብረህ ወንድ የሆንክ መሰለህ?

ክሩ የእኔ ጥፋት ነው፣ ብያለሁ። አራተኛው አሳ ግን ያንተ ነው። ውሃው ሳይረጋ ጎተትከው፤ በዓይኔ አይቼሃለሁ። በሽሩባም በናይለንም በገመድም ቢሆን ያን አሳ አትይዘውም ነበር። ጀልባዋም ብትሆን የዝሆን ያህል ድምፅ የምታሰማ ቆርቆሮ ነበረች፤ መገላገልህ ነው።

በየጠዋቱ ፀሐይ ሳትወጣ ጀምሮ ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ድልድይ ላይ ነኝ። የምትለኝ ካለህ በእግርህ መጥተህ በፊቴ ተናገር። የሚያቃስት ሽማግሌ በመኪና ተሸክመው ቢያመጡልኝ በሬን አልከፍትም።

ይቅርታዬን የምትጠብቅ ከሆነም ጠብቅ። ብዙ ዓመት ጠብቅ።

አርሊስ ቲድዌል